ሆዱን እንዳይነካው

ኑረዲን ልጄ፣ ይሄ ወንበር እንዴት ያለ ደግ ወንበር ነው። ዝቅ ያለ። ሰው ሲቀመጥበት እግሩ መሬት ያገኛል። ከየት ገዛኸው? አይ፣ አትነሳ፣ ሥራህን ሥራ፣ እንዲያው ወሬ ለማሳመር ነው የምጠይቅህ። ቤት ደህና ነው? ሐሚዳ ደህና ናት? ሲሃምስ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? እዚያ ሀና ማርያም፣ በአባትህ በአብዶ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ እርሳስ ስታኝክ ያየኋት ትናንት ይመስለኛል። ልጅ መቼም ያድጋል፣ ከፍ ይላል… የልጅ ሥራው ከፍ ማለት አይደል?

ዝናቡም ዘንድሮ ቶሎ ገባ። ሰኔ ገና አሥር ቀኑ ነው፣ ይኸው ሰማዩ ጠቁሯል። እኔማ ወደ ሐኪም ስሄድ ነው። ልጄ አሳፍሮኝ መጥቶ፣ መካኒሳ አቦ ስንደርስ «ሁለት ደቂቃ እማዬ፣ ኑረዲንን አንድ ነገር ልጠይቀው» ብሎ ነው እዚህ ጋራዥህ ያወረደኝ። ሁለት ደቂቃ ነው ያለኝ። አሁን እዚያ ኮምፕሬሰሩ ጋ ጀርባውን ሰጥቶን ስልክ ያወራል። ያውራ፣ የሥራ ሰው ነው። ቀጠሮዬ አምስት ሰዓት ነው። ሰዓትህ ስንት ይላል? … አራት ተኩል። እንግዲህ ገና ነው፣ እንጫወታለና።

ቅድም ስትነጋገሩ ሰማሁ። ሰማሁ እንጂ አልገባኝም፤ የገበሬ ጆሮ ነው። መኪናውን ከፍ እናድርገው ነው የምትሉት? ሞላው ይቀየራል፣ አሞርዛተሩም ይቀየራል፣ ከዚያ አምስት ሳንቲ ከፍ ይላል። እኔ ደግሞ አምስት ሳንቲም መስሎኝ፣ ድሮ ዋጋ የነበረውን ነገር አሁንም ሰው ከፍ ያደርጋል ማለት ነው ብዬ ተገርሜ ነበር። ሞላ ስትሉም ግራ ገባኝ፤ ለካ ከስሩ የሚገባው ብረት ኖሯል። እኔ የማውቀው ሞላ፣ ሞላ ጎደለ የሚባለውን ነው። ሰው ቤቱ ሞልቶ፣ ኪሱ ሞልቶ፣ አሁን ደግሞ ከስሩ ሌላ ሞላ ሊጨመርለት ነው… ተመስገን ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ምክንያቱንም ሰምቻለሁ። «መንገዱ ሆዱን ይነካዋል» ነው ያለህ። ይቺን ቃል ሌላ ቦታ ሰምቻት ነበር። የት እንደሰማኋት ልንገርህ? ልጄን እንዳይመስልህ። ልጄማ ይኸው ቆሟል፣ ባለቤቱ ቆሞ አይታማም። እኔ የምልህ አንዲት የማውቃት ሴት አለች፣ እዚያው ሀና ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ፤ አንተ አታውቃትም። የእሷን ልጅ ነው የማወራህ። ስሙን አልጠራም፣ የሰው ልጅ ስም እንዲህ ግሪስ ውስጥ አይጣልም። መኪና ግን አለው። በአጋጣሚ ልክ ይሄንን የሚመስል፣ ነጭ። ነጭ መኪና መቼም በከተማው ሞልቷል… ይኸው፣ ደግሞ ሞላ አልኩ።

ሴትዮዋ የድሮ ገበሬ ናት። አሁን ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት ላይ ጤፍና ሽንብራ ታበቅል ነበር። ያኔ ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው ወንዙን ተሻግሮ ነው። ክረምት ሲሆን ውሃው ይመጣል፣ ጭቃው ጉልበት ይውጣል። እሷ ታዲያ ትከሻዋ ላይ ታወጣውና ታሻግረዋለች። አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል፣ እስከ አራተኛ። የአራተኛ ክፍል ልጅ ተሸክመህ ታውቃለህ? ከነደብተሩ፣ ከነምሳ ዕቃው፣ በጫማው ደረትህን እየመታ? አንድ ቀን እንኳ ሆዱን ውሃ አልነካውም። ከፍ ማድረግ ከተባለ ያኔ ነው ከፍ ያለው። ሞላ አስገብታ አይደለም ታዲያ፣ በጉልበቷ ነው።

አሁን ጉልበት የላትም። ሐኪሙ ራጅ አንስቶ አየና «አጥንትና አጥንቱ እየተፋጨ ነው፣ መሀል ያለው ቅባት አልቋል፣ ምን ሲሠሩበት ኖሩ እማማ?» አላት። ምን ስትሠራበት እንደኖረች ታውቃለች። ግን ሐኪም ፊት የሰው ስም አይነሳም ብላ «እርጅና ነው» አለችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ልጁ ግን እንዴት ያለ ሰው ወጣው መሰለህ። ጎፋ ቤት ገዛ፣ ትዳር ያዘ፣ መኪና ላይ ወጣ። እናቱንም አልረሳም፣ ሐሰት መናገር አልወድም። እሑድ እሑድ ይደውላል። «እማዬ ናፍቀሽኛል» ይላታል። እንደሱ የሚናፍቅ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ናፍቆቱን ሳይነካው፣ ሳይሸራርፈው፣ እንደታሸገ ነው የያዘላት። መጥቶ ቢያያት እኮ ያልቅበታል።

ለምን አይመጣም እንዳትለኝ። መጥቷል እንጂ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። ከአስፋልቱ ወደ ቤቷ የሚያስገባው ነው ችግሩ፤ ድንጋይ አለው፣ ውሃ ያቆራል፣ «ሆዱን ይነካዋል»። ለፋሲካ አስፋልቱ ላይ ቆመና ክላክስ አደረገ። እሷ ያንን ጉልበቷን እየጎተተች ቁልቁለቱን ወረደች። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በመስኮት፣ አንድ ቶርታና አምስት ሊትር ዘይት አቀበላት። ሳማትም። በመስኮት ነው፣ ግን ስሟታል፣ የጎረቤት ሰው ሁሉ አይቷል። ከዚያ ሄደ፣ የሚቸኩልበት ነበረው። የድሮ ሰዎች እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይሉ ነበር። እናቱ አስፋልት የወረደችለት ምን እንደሚያደርግ ግን ሳይነግሩን ነው የሞቱት። እኔ ልንገርህ… ክላክስ ያደርጋል።

እኔን የሚገርመኝ ባጃጅ ነው። ኤልዳድ የሚሉት ባለባጃጅ አለ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ከሴትዮዋ ጋር በሥጋም በአገርም አይገናኙም። ያን ቀን ቶርታዋን ታቅፋ፣ ዘይቱን እግሯ ስር አስቀምጣ ቆማ አያትና እስከ በሯ ያደረሳት እሱ ነው። አንተ ባለሙያ ነህና ልጠይቅህ፤ ባጃጅ ሆድ የለውም እንዴ? እኔ እንደማየው ሆዱ መሬቱን ሊስመው ምንም አልቀረውም። ይነካዋል እኮ። ጉድጓድ ሲገባ ጓ ይላል፣ ኤልዳድም «አይዞሽ እማማ» ይላል፣ ይወጣል። ወይስ ሆዱን ስለሚነካው ይሆን እንዴ የሚመጣው? እኛ በኦሮምኛ ደግ ሰው ገራ ላፌሳ ይባላል፤ ሆዱ የለሰለሰ እንደ ማለት ነው። ሌላውን ደግሞ ገራ ጀቤሳ እንላለን… እሱን ተወው፣ መተርጎሙ ይከብዳል፤ ከስሩ ብረት ያስገጠመ እንደ ማለት ነው።

ሴትዮዋ ታዲያ ብልህ ናት። ነገሩ የመንገድ ከሆነ መንገዱን እንሥራው አለች። በዚያ ጉልበቷ ቤት ለቤት ዞራ ሰፈሩን አስተባበረች፣ እምቢ ያለውን ለመነች፣ የተኳረፈውን አስታረቀች። በግንቦት ኮብልስቶኑ እስከ በሯ ተነጠፈ። እንዴት ያለ ንጣፍ መሰለህ፣ ውሃ ብትደፋበት መቆሚያ አጥቶ ይሄዳል። የመጨረሻው ድንጋይ በተመታ ዕለት እስኪመሽ እንኳ አልጠበቀችም፣ ቆማ ደወለችለት። «ልጄ፣ መንገዱ አልቋል» አለችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? … «ኮብልስቶን ጎማ ይበላል እማዬ»። የተማረ ሰው እንዲህ ነው። እኛ ድንጋይ የሚበላ መሆኑን የት እናውቃለን፤ ዕድሜ ልካችንን በጫማም ያለ ጫማም ስንሄድበት አንድ ቀን አልነከሰንም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። ከልብ ከመጡ መንገድ አይገድም ያላሉት፣ ያኔ መኪና ስላልነበረ ይሆናል።

ደግሞ መኪናው ፈሪ እንዳይመስልህ። ባለፈው ሳምንት የልጁ ልጅ ገላኔ መጥታ ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየችኝ… ማለቴ ለሴትዮዋ አሳየቻት። ከጓደኞቹ ጋር ወንጪ ሄዶ ነው። መኪናው ጭቃ ውስጥ እስከ በሩ ገብቷል። ከኋላው ያለው ድንጋይ ደግሞ ያ ድንጋይ ነው፣ የኛ ሰፈር ድንጋይ ከሱ ጋር ሲተያይ ሽንብራ ነው። ልጁ ጣራው ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቷል፣ እየሳቀ፣ ፊቱ ላይ ጭቃ አለ። ሴትዮዋ ፎቶውን ብዙ አየችው። የዚያን የትምህርት ቤት ጊዜ ፊቱን መሰላት። ከፋት እንዳትል፣ ደስ ነው ያላት፣ ሆዱ ምንም አልሆነማ። የወንጪ ድንጋይ ሆድ አይነካም፤ የሚነካው የእናት ሰፈር ድንጋይ ብቻ ነው። ይሄንን መቼም የመካኒክ ትምህርት ላይ ያስተማሩህ ይመስለኛል… አላስተማሩህም?

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣልህ። ሐኪሙ ሴትዮዋን ምን አላት፣ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣሽ ጉልበትሽን ካልታሸሽ፣ ካላፍታታሽው፣ ክረምቱ ሲወጣ አንቺ ከቤት አትወጪም አላት። እዚያው ሐኪሙ ፊት ልጁ «እኔ አመላልሳታለሁ» ብሎ ቃል ገባ። ቃሉን ጠበቀ። ይኸው ዛሬ የመጀመሪያው ቀጠሮ ነው፤ አየህ አጋጣሚ፣ እንደኔው በአምስት ሰዓት ነው የተቀጠረችው። መጣ፣ አስፋልቱ ላይ ቆመ፣ ክላክስ አደረገ፣ ወረደችለት። ጋቢናው ተከፈተ። እግሯን አነሳች፣ አልደረሰም። ሁለተኛ አነሳች፣ አልደረሰም። ያ ባለሱቁ መሐሙድ ሮጦ የለስላሳ ሳጥን አምጥቶ ከእግሯ ስር ደፋላት፣ አንድ መንገደኛም በክንዷ ያዛት፣ እንደ ምንም ተገፍታ ገባች። ልጁም ዝም አላለም። መሪውን እንደያዘ «ቀስ እማዬ፣ ቀስ በይ» ይላታል። እናት ናትና ለሷ መስሏት አይዞህ ልትለው ስትል፣ «በሩን በሳጥኑ እንዳትፍቁት» አለ።

አልተቀየመችም። ንብረት ነው፣ ይፋቃል።

እንግዲህ አስላልኝ ኑረዲን። ሞላ ሳይገባበት አንድ ሳጥን ከሆነ፣ ሞላ ሲገባበት ስንት ሳጥን ይሆናል? ሳጥኑን አብራችሁ ትሸጣላችሁ? ላም አለኝ በሰማይ ይባል የለ፤ ሴትዮዋም አሁን ጋቢና አላት በሰማይ። አንተን አላህ ይስጥህ፣ አንተስ አስበሃል፤ «እማማ እንዳይቸገሩ በጎን በኩል መረገጫ እንግጠምለት» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መልኩን ያበላሸዋል ነው ያለህ አይደል? ያኛውም ልጅ እንዲሁ ብሎ ነበር አሉ። እውነቱን ነው። መረገጫማ ድሮ ነበረው፣ ካደገ በኋላ ነው አላምር ያለው።

አንተስ እናትህን በምን ነው የምትጠይቃት? … በእግርህ? ግቢ ሙሉ መኪና ደርድረህ ዓርብ ዓርብ በእግርህ? አየህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይሄ ነው። እንቁላሉም መኪና ቢኖረው ኖሮ መንገዱን ይፈራ ነበር።

አይ፣ አትሳቅብኝ፣ ቁም ነገር ነው የማወራህ። እማማ ገዲሴ መጥታ ገበያዬን ዘጋችብኝ እንዳትል ደግሞ። እኔ አታድርግለት አላልኩም። አድርግለት እንጂ። እንዲያውም አምስት ምን ይሠራለታል፣ አሥር አድርግለት። ከጎፋ ቄራ፣ ከቄራ ሳር ቤት ነው የሚመላለሰው፤ ያ ሁሉ አስፋልት በዝቅታ አይቻልም። ከፍ ይበልና ሆዱን ምንም ነገር እንዳይነካው። ድንጋይ ቢሉ ድንጋይ፣ ጭቃ ቢሉ ጭቃ፣ ሰው ቢሉ… ሰውም ቢሆን። እዚያ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ ሁሉም ያንስለታል። ሴትዮዋ እንደሆነች ድሮም አጭር ናት። አስፋልቱ ዳር ብትቆም በመስኮቱ አትታየውም፣ ክላክሱም አያስፈልግም፣ ሁለቱም ያርፋሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ታዲያ ያ ጀርባ ምነው ወደኛ ዞረ? እኔ ቅድም ጀምሮ ሳየው ስልኩ ጆሮው ላይ ነው እንጂ አፉ አይንቀሳቀስም ነበር። ማዳመጥ ደግ ነው፣ ተባርኳል። ና ልጄ፣ ና እዚህ ጋ ቁም። ፊትህ ምነው? አንተን አይደለም፣ የአንዲት ሴት ልጅ ነው የምናወራው። ብታውቀው አንተ ራስህ ታዝንለት ነበር፣ አንጀትህ አይችልም።

ስንት ሰዓት ሆነ? … ለአምስት አሥር ጉዳይ። ሁለት ደቂቃዋ እንዴት ትረዝማለች እባካችሁ። ኧረ ሰማችሁ? ይሄ ክላክስ የኤልዳድ ነው፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ አውቀዋለሁ። እናንተ ጎማው ስር አጎንብሳችሁ ስትለኩ ደወልኩለት። ክሊኒኩ ከዚህ ሁለት ቅያስ ነው፣ እስከ በሩ ያስገባኛል፣ ስጨርስም ይጠብቀኛል፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል። አይ አይ ልጄ፣ ቁልፉን ወደ ኪስህ መልሰው። አትድከም። የሰው ዕቃም አልፍቅም። ባጃጅ እንደሆነ ዝቅ ያለ ነው፣ እግሬን ሳላነሳ ነው የምገባለት። አንተ ከኑረዲን ጋር ረጋ ብለህ ተማከር፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ቆሞ አይወሰንም። ወንበሩ ላይ ተቀመጥ፣ ሙቀቱ አልበረደም። በዚህ በዚህ እንኳ እኔ ከተቀመጥኩበት ብትቀመጥ አይከፋም።

እጄን ያዘኝ ኑረዲን፣ ልነሳ። … ተባረክ። ታዲያ ትልቅ ሰው ሳይመርቅ አይሄድም፣ መርቄያችሁ ልሂድ። አንተን አላህ እጅህን ይባርክልህ፣ ሲሃምን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ ለእናትህም ዕድሜ ይስጣት። ለዚያች ሴት ልጅም ልመርቅለት፤ ምርቃት ሩቅ ያለውንም ያገኛል። ከፍ ከፍ ይበል። ሞልቶ ይፍሰስለት። መንገዱ ሁሉ አስፋልት ይሁንለት፣ ሆዱን የሚነካ አይግጠመው። ልጆቹ ይደጉለት፣ ይማሩለት፣ ከሱም የበለጠ ከፍ ያለ መኪና ላይ ይውጡ። እሱንም ፈጣሪ ዕድሜ ሰጥቶ፣ ፀጉሩ እስኪሸብት፣ ጉልበቱ እስኪደክም ያቆይልን። ያን ጊዜ እሱ ለእናቱ እንደሆነላት፣ ልጆቹም ልክ እንደዚያው ይሁኑለት። አንድም ሳይጨምሩ፣ አንድም ሳያጎድሉ።

… ምነው? አይ ኑረዲን፣ አንተን አይደለም፣ አንተ ቅድም ብለሃል፣ ሰምቼሃለሁ። የእናት ምርቃት እኮ አሜን ካልተባለበት ሜዳ ላይ ይቀራል።

አሜን በል እንጂ ልጄ።